የጋሊየም አርሰናይድ ሞቢሊቲ አልረጋ አለኝ፤ የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

የቱሉዲምቱ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15

ሰላም ቤተሰብ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቁጥር ላይ ተጣብቄያለሁ፤ ዛሬ ልጠይቃችሁ ወሰንኩ።

የማስተርስ ሥራዬ ፎኖኖች (የአተሞቹ ንቅናቄ በኳንተም ሲቆጠር) በጋሊየም አርሰናይድ ሴሚኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮኖችን እንዴት እንደሚበትኑ ከመሠረቱ ማስላት ነው። ከላብራቶሪ ምንም ቁጥር ሳልበደር፣ የአተሞቹን ዓይነትና አደራደር ብቻ ሰጥቼ ሞቢሊቲውን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ በኤሌክትሪክ ፊልድ ሲገፋ ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ ማግኘት እፈልጋለሁ። የምጠቀመው ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚባለውን የስሌት ፕሮግራም ነው። ማሽኔ ያገለገለ የገዛሁት ዴስክቶፕ ነው፤ 8 ኮር፣ 32 ጊጋ ራም። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ማሽኑ አልጋዬ አጠገብ ስላለ ማታ ማታ ፋኑ ሲጮህ እየሰማሁ ነው የምተኛው። ፋኑ ዝም ሲል እነቃለሁ። ዝም ካለ መብራት ሄዷል ማለት ነው።

እስካሁን የሄደልኝን ልንገራችሁ። የላቲስ ቋሚው ጥሩ ነው። ፎኖኖቹም ጥሩ ናቸው፤ ጋማ ነጥብ ላይ (የሞገድ ቁጥሩ ዜሮ በሆነበት) ኤልኦ (በሞገዱ አቅጣጫ የሚነቃነቀው ኦፕቲካል ፎኖን) 36፣ ቲኦ (ወደ ጎን የሚነቃነቀው) 33 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ወጡልኝ፣ ከልኬቱ ጋር ይገጥማል። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለኤሌክትሮኖቹ 8 በ8 በ8፣ ለፎኖኖቹ 4 በ4 በ4 የሞገድ ቁጥር ነጥቦች ግሪድ ወስጄ፣ የኤሌክትሮን-ፎኖን ማትሪክሶቹን አወጣሁና የመበተን ፍጥነቱን በቀጥታ ደመርኩ። ኃይል መጠበቁን የሚያስገድደውን ዴልታ (አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚቆም ሹል ፈንክሽን) በጋውሲያን፣ ማለትም ስፋት ባለው ደወል መሰል ኩርባ፣ ተካሁት። የጋውሲያኑን ስፋት 10 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ሳደርገው አንድ መልስ፣ 50 ሳደርገው ሌላ መልስ፣ 100 ላይ ደግሞ ከሁለቱም ጋር የማይገናኝ መልስ ይሰጠኛል። በክፍል ሙቀት የተለካው 8500 ሴንቲሜትር ካሬ በቮልት ሰከንድ አካባቢ መሆኑን አውቃለሁ። ግን የምፈልገውን ስፋት መርጬ የምፈልገውን ቁጥር ማግኘት ከቻልኩ ያ ስሌት አይደለም። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እስቲ በእናታችሁ የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

---

መምህር_ሰንዳፋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:02

የመጨረሻዋ አረፍተ ነገርህ ደስ አሰኝታኛለች። ስፋቱን መርጦ 8500 አግኝቶ ዝም የሚል ብዙ ሰው አለና።

ኮምፒውተሩን ለጊዜው ተወው። ወረቀትና እስክርቢቶ አምጣ። አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ፤ ኤሌክትሮኖችህ የት ነው ያሉት?

በጋሊየም አርሰናይድ የኮንዳክሽን ባንዱ (ኤሌክትሮኖቹ በነፃ የሚሄዱበት የኃይል ባንድ) ታች ላይ ኢፌክቲቭ ማሱ (ኤሌክትሮኑ ክሪስታሉ ውስጥ ያለው የሚመስል ማስ) የነፃ ኤሌክትሮን 0.067 እጥፍ ነው። በጣም ቀላል ኤሌክትሮን ነው። በ300 ኬልቪን አማካይ የሙቀት ኃይሉ 39 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይሆናል። ከዚህ የሞገድ ቁጥሩን ስታወጣ 0.026 በአንግስትሮም ይመጣል። አሁን ደግሞ የላቲስ ቋሚውን 5.65 አንግስትሮም ወስደህ በ8 ግሪድህ ከአንዱ ነጥብ እስከ ቀጣዩ ያለውን እርምጃ አስላ። 0.24 በአንግስትሮም ነው። አየኸው? እርምጃህ ኤሌክትሮኖቹ ካሉበት ኪስ ራዲየስ 9 እጥፍ ይበልጣል። ኪሱ ውስጥ የወደቀችልህ አንዲት ነጥብ ብቻ ናት፣ እሷም ጋማ ናት። ጋማ ላይ ደግሞ ፍጥነቱ ዜሮ ነው።

እስቲ የእንጀራ ምሳሌ ልስጥህ። ሙሉው ብሪሉዋን ዞን፣ ማለትም የሞገድ ቁጥሮቹ ሁሉ ያሉበት ቦታ፣ አንድ ትልቅ እንጀራ ነው በል። ኤሌክትሮኖችህ ያሉት በአንዲት ዓይኑ ውስጥ ነው። አንተ 8 በ8 በ8 ስትል በእንጀራው ላይ ጣትህን እየዘለልክ አሳርፈሃል፣ ግን ያቺን ዓይን የነካሃት አንዴ ብቻ ነው፣ መሃሏን። ጋውሲያኑን ስታሰፋው ደግሞ ከሌላው የእንጀራው ክፍል የማይገባ ኃይል እየጎተትክ ታስገባለህ። ስለዚህ ያገኘኸው ቁጥር ስለ ክሪስታሉ ምንም አይነግርህም፣ የሚነግርህ ስለ ጋውሲያንህ ነው።

ልኩንም ልንገርህ። ከባንዱ ታች እስከ ሩብ ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ ያለውን ብንወስድ፣ ማለትም የሙቀት ኃይሉን (kT፣ 26 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት፤ አማካዩ 39 የእሱ አንድ ተኩል እጥፍ ነው) 10 እጥፍ ያህል፣ ኪሱ ከዞኑ ጠቅላላ ይዘት ከ10,000 እጅ 2 እጅ ብቻ ይይዛል። 100 በ100 በ100 ግሪድ ብታደርግ እንኳ ከ1 ሚሊዮን ነጥብ የሚጠቅምህ 220 አካባቢ ነው። ይህ በአንድ በኩል መጥፎ ዜና ነው፣ በሌላ በኩል ግን ላንተ ዴስክቶፕ ትልቅ የምሥራች ነው። ቀሪውን ማስላት አያስፈልግህም።

---

የቱሉዲምቱ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀት ላይ ሠራሁት፣ እውነትም 9 እጥፍ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ይህን አላሰላሁም።

ግን አንድ ነገር ይቅርታ አድርገው ያስረዱኝ። አንድ ኪው ነጥብ (አንድ የፎኖን ሞገድ ቁጥር) በዲኤፍፒቲ (ፎኖኖችን ከመሠረቱ የሚያሰላው ዘዴ) ለማስላት እኔ ማሽን ላይ ሰዓታት ይፈጃል። 100 በ100 በ100ን እንዴት አድርጌ ነው የማስበው? ኪሱ ውስጥ ያሉትን ብቻ እንኳ ብወስድ ዕድሜዬ አይበቃም።

---

ለገጣፎ_ዋኒየር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:10

ሰላም ወንድሜ። እዚህ ላይ እኔ ልግባ፣ ምክንያቱም ይሄንን መንገድ በባዶ እግሬ ነው የሄድኩት።

100 በ100 በ100ን በዲኤፍፒቲ ማንም አያሰላውም። የሚሠራው እንዲህ ነው። ትንሹን ግሪድ በጥንቃቄ ታሰላለህ፣ ከዚያ ወደ ዋኒየር ፈንክሽኖች (በአንድ ቦታ አካባቢ የተሰበሰቡ የኤሌክትሮን ሞገዶች) ትቀይረዋለህ፣ ከዚያ በፈለግከው ነጥብ ላይ በኢንተርፖሌሽን ታወጣዋለህ። ከኳንተም ኤስፕሬሶ ጋር የሚመጣው ኢፒደብሊው የሚሠራው ይህንን ነው፤ ፐርቱርቦም አለ፣ እሱም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ2007 በጁስቲኖ፣ በኮኸንና በሉዊ ጽሑፍ የወጣ ነው።

ለምን እንደሚሠራ ካልገባህ ግን ስትሳሳት አታውቀውም። ስለዚህ ልሞክር።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምትኖረው አይደል? በላይህ ያለችው ጎረቤት ጠዋት ቡና በሙቀጫ ስትወቅጥ አንተ ትሰማለህ፣ ምናልባት ከታችህ ያለውም ይሰማል። አምስት ብሎክ ርቆ ያለው ሰው ግን ምንም አይሰማም። አንድ አተም ሲነቃነቅም እንደዚያው ነው። አጠገቡ ያለው ኤሌክትሮን ይሰማዋል፣ ራቅ ያለው አይሰማውም። ስለዚህ በቦታ ብትጽፈው ሠንጠረዡ አጭር ነው። ጥቂት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው የሚመዘገቡት። ሠንጠረዡ አጭር ከሆነ ደግሞ በትንሽ ግሪድ ሙሉ በሙሉ ታገኘዋለህ፤ አንዴ ካገኘኸው ወደ ሞገድ ቁጥር መልሰህ 100 በለው 300 በለው፣ የማትሪክስ ብዜት ብቻ ነው።

አሁን ትልቁ ነገር መጣ። ጋሊየም አርሰናይድ ፖላር ነው። ኤልኦ ፎኖን ሲመጣ ጋሊየሙ ወደ አንድ በኩል አርሰኒኩ ወደ ሌላ በኩል ይሄዳል፤ ቻርጃቸው ተቃራኒ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ፊልድ ይፈጠራል። ያ ፊልድ ሙቀጫ አይደለም። የሠርግ ድንኳን ድምፅ ማጉያ ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። ይሄ ፍሮህሊሽ እ.ኤ.አ. በ1954 የጻፈው ግንኙነት ነው። ኪው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ጥንካሬው አንድ በኪው እየሆነ ወደ ላይ ይተኮሳል። እንዲህ ያለውን ነገር በአጭር ሠንጠረዥ አስገባዋለሁ ብትል አይገባም፤ ኢንተርፖሌሽንህ ትክክለኛው ቦታ ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖችህ በሚበተኑበት ትንሽ ኪው ላይ፣ ይበላሻል።

መፍትሔው ደስ ይላል። የረጅሙ ርቀት ክፍል ቀመሩ ይታወቃል፤ የሚፈልገው የቦርን ቻርጆችን (አተሙ ሲነቃነቅ ይዞት የሚሄድ የሚመስለውን ቻርጅ) እና የዳይኤሌክትሪክ ቋሚውን ብቻ ነው፣ እነሱን ደግሞ ዲኤፍፒቲው ራሱ ይሰጥሃል። ድምፅ ማጉያውን መጀመሪያ ትቀንሰዋለህ፣ የቀረውን ሙቀጫ ታስተላልፈዋለህ፣ ከዚያ ድምፅ ማጉያውን በፈለግከው ነጥብ ላይ መልሰህ ትደምረዋለህ። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው ለዚህ ዓይነት ስሌት በደንብ የተዘጋጀው። ኢፒደብሊው ውስጥ የምታበራው አንድ መስመር ብቻ ነው። ረስተኸው ካላበራኸው ምንም ኤረር አይሰጥህም። ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥሃል።

ሁለት ምክር ደግሞ ከራሴ ስህተት።

አንደኛ፣ ዲስኬ ስለሞላ የዋኒየር ማትሪክሶቹን ካወጣሁ በኋላ ዌቭ ፈንክሽኖቹን ሰረዝኳቸው። እንደገና አሰላቸዋለሁ ብዬ ነው። አሰላኋቸው። ግን ዌቭ ፈንክሽን በየጊዜው ስታሰላው ፌዙ በዘፈቀደ ነው የሚመጣው፣ ከድሮው ማትሪክስ ጋር አይገጥምም። ባንዶቹን ስስላቸው እንከን የላቸውም፣ ምክንያቱም ባንዶቹ የሚወጡት ከድሮው ማትሪክስና ከኃይሎቹ ብቻ ነው። የኤሌክትሮን-ፎኖን ግንኙነቱ ግን ገለባ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስለዚህ ባንዱ ገጠመ ብለህ አትተኛ። የግንኙነቱ ጥንካሬ ከርቀት ጋር እየቀነሰ መሄዱንም እየው። ካልቀነሰ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ሁለተኛ፣ የመብራቱ ነገር። የፎኖን ግሪድህን ወደ 8 በ8 በ8 አሳድገው፤ በሲሜትሪ ሲቀነስ 29 ኪው ብቻ ነው የሚቀርህ። እያንዳንዱ ኪው ደግሞ ከሌላው ጋር አይነካካም። ታዲያ አንድ ትልቅ ሥራ አድርገህ ለምን ትለቀዋለህ? የመጀመሪያና የመጨረሻ ኪው ቁጥር መስጠት ይቻላል። 29 ትንንሽ ሥራ አድርገው፣ እያንዳንዱን በየራሱ ፎልደር አስቀምጠው። መብራት ከሄደ የምታጣው የአንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም ካቆመበት እንዲቀጥል ማዘዝ ይቻላል። እኔ ለገጣፎ እንዲህ አድርጌ ነው የጨረስኩት።

---

አቃቂ_ቴክኒሻን | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:30

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ሰው አይደለሁም፣ አቃቂ ኢንቬርተርና ቻርጀር ጠጋኝ ነኝ። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራዬ ይበዛል። ሌሊት ይህን ክር እያነበብኩ ነበር፣ እንጀራውና ሙቀጫው ገብቶኛል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ኢንቬርተር ውስጥ የምቀይራቸው ሞስፌቶች (ትራንዚስተሮች) ሲሞቁ የበለጠ ይሞቃሉ። ዳታሺቱ ላይ ያለውን ግራፍ አውቀዋለሁ፤ 25 ዲግሪ ላይ 1 ያለው የኦን ሬዚስታንስ 150 ዲግሪ ላይ ወደ 2 ይጠጋል። እናንተ የምታወሩት መበተን ከዚህ ጋር ይገናኛል ወይ? ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው?

---

መምህር_ሰንዳፋ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:45

ወንድሜ፣ ያ ግራፍ ራሱ ነው። እዚህ ከተጻፈው ሁሉ ጥያቄዎ ይበልጣል።

ሙቀት ማለት አተሞቹ በበለጠ መነቃነቃቸው ነው። ያ ንቅናቄ በኳንተም ቋንቋ ሲቆጠር ፎኖን ይባላል። ሲሞቅ ፎኖኑ ይበዛል፣ ኤሌክትሮኑ ቶሎ ቶሎ ይበተናል፣ ሞቢሊቲው ይወርዳል፣ የሞስፌትዎ ሬዚስታንስ ይወጣል። ባርዲንና ሾክሊ እ.ኤ.አ. በ1950 በአኩስቲክ ፎኖን (እንደ ድምፅ ሞገድ ባለው) ብቻ አስልተው ሞቢሊቲው በሙቀቱ ኔጌቲቭ 1.5 ፓወር እንደሚወርድ አሳዩ። ሲሊከን ላይ ሲለካ ግን ለኤሌክትሮኖች በክፍል ሙቀት አካባቢ ወደ ኔጌቲቭ 2.4 ነው። ከ1.5 ይልቅ ገደል ነው። ለምን?

ምክንያቱም ሲሊከን ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ያሉት በአንድ ኪስ አይደለም። ስድስት ኪስ አለ፣ ከጋማ ወደ ኤክስ (የዞኑ ጠርዝ) በሚወስደው መንገድ 85 በመቶ ላይ። ትልልቅ ሞገድ ቁጥር ያላቸው ፎኖኖች ኤሌክትሮኑን ከአንዱ ኪስ አንስተው ወደ ሌላው ይወረውሩታል። ትይዩ ወዳለው ኪስ ሲሆን ጂ ዓይነት ይባላል፣ ወደ ጎን ሲሆን ኤፍ ዓይነት። እነዚህ ፎኖኖች ኃይላቸው ትልቅ ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ቶሎ ይጠፋሉ፣ ሲሞቅ ቶሎ ይመጣሉ። ግራፉን ገደል ያደረጉት እነሱ ናቸው።

ደግሞ ልብ ይበሉ። ሬዚስታንሱ ከሙቀት ጋር መውጣቱ በአንድ ነገር ይጠቅምዎታል። ሞስፌቶችን ጎን ለጎን ሲያስሩ አንዱ ብዙ ከረንት ወስዶ ከሞቀ ሬዚስታንሱ ይወጣና ከረንቱ ወደ ሌሎቹ ይሸሻል። ጎን ለጎን ሲበሩ ሸክሙን የሚከፋፈሉት በፎኖኖቹ ምክንያት ነው።

---

አቃቂ_ቴክኒሻን | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:05

መምህር ይኑሩልኝ። ሁልጊዜ አራት አራት አድርጌ ስቀይር ለምን እንደሚስማሙ አላውቅም ነበር። ልምድ ነው ብቻ የነገረኝ።

---

የቱሉዲምቱ_ልጅ | እሑድ፣ ከቀኑ 8:10

ተመለስኩ። ብዙ ነገር አለኝ።

የለገጣፎዋን እህቴን ምክር ተከትዬ መጀመሪያ በድሮው 4 በ4 በ4 የፎኖን ግሪድ ሞከርኩት፣ 29ኙ ኪው በጎን እየሄደ ነው። ባንዱ በዋኒየር ገጠመ። ግንኙነቱ ከርቀት ጋር ይቀንሳል፣ አየሁት። የፍሮህሊሹን መስመር አንዴ አጥፍቼ አንዴ አብርቼ ሳወዳድረው ደነገጥኩ፤ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው፣ በተለይ ትንሽ ኪው ላይ። ከዚያ ሩብ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል መስኮት ከፍቼ ኪሱ ውስጥ ያሉትን ነጥቦች ብቻ ወሰድኩ። ግሪዱን 100፣ ከዚያ 150፣ ከዚያ 200፣ ከዚያ 300 አደረግኩት። ቁጥሩ እየረጋ መጣ! የጋውሲያኑን ስፋት ስቀይርም ብዙም አይንቀሳቀስም። ሁለት ወር ሙሉ ስፈልገው የነበረው መርጋት ይሄ ነው፣ በእውነት እንባዬ መጣ።

ግን የረጋው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከጠበቅኩት በግልጽ ያንሳል። ሞቢሊቲውን ያወጣሁት የእያንዳንዱን ኤሌክትሮን የመበተን ጊዜ በቀጥታ ወስጄ ነው። አሁን ደግሞ ምን ቀረኝ?

---

ገላን_ማዶ | እሑድ፣ ከቀኑ 10:25

ጎረቤቴ፣ እኔ ገላን ነኝ፣ መንገድ ነው የሚለየን። ስለዚህ በምናውቀው መንገድ ላስረዳህ።

ከእናንተ ሰፈር የሚነሳውን የአዳማ የክፍያ መንገድ አስበው። አንድ መኪና ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ እስኪገባ መቶ ጊዜ ሌይን ቢቀይርስ? ይደርሳል። ትንሽ ይዘገይ እንደሆነ እንጂ አቅጣጫው አልተለወጠም። ሌላው መኪና ደግሞ መንገድ ላይ አንዴ ብቻ ቢሆንም ዞሮ ወደ አዲስ አበባ ቢመለስስ? እሱ አልደረሰም። አንተ አሁን የቆጠርከው መኪናው ስንት ጊዜ መሪውን እንደነካ ነው። ሌይን መቀየሩንም መዞሩንም እኩል ቆጥረሃቸዋል። ለዚህ ነው ቁጥርህ ያነሰው።

የፍሮህሊሹ ግንኙነት ደግሞ በትንሽ ኪው ላይ ነው የሚበረታው። ትንሽ ኪው ማለት ትንሽ ማዞር ማለት ነው፣ ሌይን መቀየር። ስለዚህ በፖላር ክሪስታል ይህ ስህተት ጎልቶ ይወጣል። ሲሊከን ላይ ግን ያን ያህል አይታይም፣ ምክንያቱም እዚያ ከኪስ ወደ ኪስ የሚወረወረው ኤሌክትሮን አቅጣጫውን ከሞላ ጎደል ይረሳዋል።

አንደኛው ማስተካከያ እያንዳንዱን መበተን በአንድ ሲቀነስ የማዕዘኑ ኮሳይን ማባዛት ነው። ቀጥ ብሎ ለሄደ ዜሮ፣ ለዞረ ሁለት ይሰጠዋል። ቀላል ነው፣ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል።

---

መምህር_ሰንዳፋ | እሑድ፣ ከቀኑ 11:50

የገላኑ ልጅ ምሳሌ ቁልጭ ያለ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጨምርበት፣ ምክንያቱም ጋሊየም አርሰናይድ ላይ ኮሳይኑ ብቻውን አይበቃም።

ያ ቀመር በጥሩ ሁኔታ የሚቆመው ኤሌክትሮኑ ሲበተን ኃይሉ ሳይቀየር ሲቀር ነው። እዚህ ግን በእያንዳንዱ መበተን 36 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ይወስዳል ወይም ይሰጣል። የሙቀት ኃይሉ ራሱ 26 ነው! ይህ ለኤሌክትሮኑ ትልቅ ዝላይ ነው።

ቁጥሩን እየው። በ300 ኬልቪን የኤልኦ ፎኖኑ የቦዝ ብዛት (በዚያ ሙቀት በአማካይ ያለው የፎኖን ቁጥር) 0.33 ነው። ስለዚህ ፎኖን የመዋጥ ዕድሉ ከ0.33 ጋር፣ የመትፋት ዕድሉ ደግሞ ከ1.33 ጋር ይሄዳል። መትፋቱ አራት እጥፍ ይበረታል ማለት ነው። ነገር ግን መትፋት የሚችለው ከባንዱ ታች ከ36 በላይ ኃይል ያለው ኤሌክትሮን ብቻ ነው። ያልደረሰው የሚተፋው የለውም፣ መዋጥ ብቻ ነው የሚችለው። ስለዚህ የመበተን ፍጥነትህን በኃይል ብትስለው 36 ላይ እንደ ደረጃ ድንገት ከፍ ማለት አለበት። ደረጃው ካልታየህ ጋውሲያንህ ሸፍኖታል። ይህችን ምስል መጀመሪያ ሳልና እዚህ ለጥፍልን።

ኤሌክትሮኑ እንዲህ ከኃይል ኃይል እየዘለለ ስለሚሄድ፣ የአንዱ ሁኔታ በሌላው ላይ ይንጠለጠላል። የቦልትዝማን እኩልታውን (የሁሉንም ኤሌክትሮኖች ፍሰትና መበተን አንድ ላይ የሚይዘውን) በሙሉ ነው መፍታት ያለብህ። መጀመሪያ አሁን ያለህን መልስ ትሰጠዋለህ፣ ከሌሎቹ ሁኔታዎች ተበትኖ ተመልሶ የሚገባውን ትደምራለህ፣ አዲስ መልስ ታገኛለህ፣ እሱን መልሰህ ታስገባለህ፣ መልሱ እስኪረጋ ድረስ። ማትሪክሶቹ ካሉህ ይህ ርካሽ ነው። ጥቂት ዙር ነው። ኢፒደብሊው ይሠራዋል፣ ፐርቱርቦም ይሠራዋል።

---

አያት_ዘጠኝ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:00

ይቅርታ፣ የሦስተኛ ዓመት ፊዚክስ ተማሪ ነኝ። 8500 የሚባለው ቁጥር በጊዜ ስንት ነው? በዓይነ ኅሊናዬ ልስለው አልቻልኩም።

---

ለገጣፎ_ዋኒየር | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:35

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በድሩድ ቀመር በእጅ ይወጣል። ሞቢሊቲውን በኢፌክቲቭ ማሱ አባዛው፣ ለኤሌክትሮኑ ቻርጅ አካፍለው። 0.32 ፒኮ ሰከንድ ያህል ይወጣል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 3 ትሪሊዮን ጊዜ አቅጣጫውን ያጣል ማለት ነው።

ግን አትዘንለት። በክፍል ሙቀት ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች 0.32 ፒኮ ሰከንድ ውስጥ 145 ናኖ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ከ250 በላይ የክሪስታል ሴሎችን ሳይደናቀፍ አልፎ ነው። እኔ ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳወጣው ደጋግሜ ነው ያሰላሁት፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ። አተሞቹ እዚያ አሉ፣ ኤሌክትሮኑ ግን አተሞቹን አይገጫቸውም። በሥርዓት ከቆሙ ያልፋቸዋል። ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1928 ያሳየው ይህንን ነው። በንጹሕ ክሪስታል የሚበትነው ከሥርዓቱ መነቃነቃቸው ነው።

---

የቱሉዲምቱ_ልጅ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:40

ቤተሰብ፣ ደረጃው ታየኝ! 36 ላይ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። መምህር እንዳሉት ጋውሲያኑን ወደ 20 ሳሰፋው ደረጃው ወደ ዳገት ይቀየራል፣ 50 ላይ ጨርሶ ይጠፋል። የመጀመሪያው ሳምንት ስሌቴ ለምን እንደዚያ እንደነበር አሁን በዓይኔ አየሁት።

ቦልትዝማኑንም ደጋግሜ አስገብቼ ፈታሁት። ጥቂት ዙር ነው የፈጀው፣ ቁጥሩም ወጣ። ግን አሁን ደግሞ ከተለካው በላይ አለፈ። መጀመሪያ ልቤ ወደቀ፣ ከዚያ ኢፌክቲቭ ማሴን አየሁት። ከ0.067 በግልጽ ይቀላል። ባንድ ጋፑንም (በባንዶቹ መካከል ያለውን የኃይል ክፍተት) አየሁ፣ ከ1 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ነው፤ የተለካው በክፍል ሙቀት 1.42 ነው። ጋፑ ሲጠብ ማሱ ይቀላል፣ ማሱ ሲቀል ኤሌክትሮኑ ይፈጥናል፣ የሚበተንበትም ቦታ ያንሳል። ትክክል ነኝ?

---

መምህር_ሰንዳፋ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:30

ትክክል ነህ። ያንን ራስህ በማግኘትህ ኮርቻለሁ።

የምታመጣው ችግር የፎኖኖቹ አይደለም፣ ባንዶቹን ያሰላህበት ዘዴ የዲኤፍቲ ነው። ባንዶቹን ጂደብሊው ወይም ሃይብሪድ በሚባሉት የተሻሉ ዘዴዎች አስተካክላቸው፤ ትንሹ ግሪድ ላይ ብቻ ስለሆነ ማሽንህ ይችለዋል፣ ዋኒየሩ ቀሪውን ይሠራል። አንድ ነገር ግን አደራ። በመጀመሪያው ቀመር ያነሰው ቁጥርህ ከቀላል ማስህ ጋር ሲደመር ድንገት 8500 አጠገብ ሊወድቅ ይችል ነበር። ሁለት ስህተት ተጣፍቶ ማለት ነው። ቴሲስህ ላይ ሦስቱንም ጎን ለጎን ጻፋቸው። የመበተን ጊዜ ብቻ፣ ሙሉ ቦልትዝማን በዲኤፍቲ ማስ፣ ሙሉ ቦልትዝማን በተስተካከለ ማስ። አንባቢህ የቱ ከየት እንደመጣ ይይ።

ሲሊከንንም ብትሞክረው ሌላ ትምህርት ታገኝበታለህ። የቦርን ቻርጁ በሲሜትሪ ዜሮ ስለሆነ ድምፅ ማጉያው የለም ትላለህ፣ ግን ዳይናሚካል ኳድሩፖል የሚባል ደከም ያለ የረጅም ርቀት ክፍል አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጡ ሥራዎች ነው በደንብ የታየው፣ ኢንተርፖሌሽኑም ላይ ይታወቃል። ሆሎቹን (ኤሌክትሮን የጎደለባቸውን ባዶ ቦታዎች) ከሠራህ ደግሞ ስፒን-ኦርቢትን (የኤሌክትሮኑ ስፒን ከእንቅስቃሴው ጋር ያለውን ግንኙነት) እንዳትረሳ። ሲሊከን ላይ 44 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው ብለህ አትናቀው፤ ከሙቀት ኃይሉ ይበልጣል። እሱን አስገብተህም ቢሆን የሆሎቹ ሞቢሊቲ ከተለካው ከፍ ብሎ ይወጣል፤ እሱ ገና ብዙ ሰው የሚሠራበት ጉዳይ ነው።

---

አያት_ዘጠኝ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:50

77 ኬልቪን ላይስ? ፎኖኑ ስለሚጠፋ ሞቢሊቲው በጣም ይጨምራል ማለት ነው?

---

ገላን_ማዶ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 5:05

ኤልኦው ከሞላ ጎደል ይጠፋል። የቦዝ ብዛቱ 0.0044 ነው፣ ከ200 አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በስሌቱ ሞቢሊቲው በብዙ ይወጣል። በእውነተኛው ናሙና ግን ያኔ ቆሻሻ አተሞች ኤሌክትሮኑን መበተን ይጀምራሉ፣ በፎኖን ብቻ ያሰላኸው ቁጥር ጣሪያው ይሆናል። ናሙናው ከጣሪያው ስንት እንደራቀ ነው ቁም ነገሩ።

---

የቱሉዲምቱ_ልጅ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 5:20

ሦስቱንም እጽፋቸዋለሁ መምህር። ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ።

29ኙ ኪው የት እንደደረሰ ልንገራችሁ፣ 22ቱ አልቀዋል። ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ፋኑ ዝም አለ፣ ነቃሁ፣ 17ኛው ላይ ነበር። ጠዋት መብራት ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ፤ ያጣሁት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። አሁን 23ኛው እየሄደ ነው። ሲያልቅ የ8 በ8 በ8ቱን ውጤት ከ4ቱ ጋር አድርጌ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ ከደረጃዋ ምስል ጋር።